ሁለት ደብዳቤ በአረርቲ

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን አረርቲ ነበርን። ከመካከላችን የአንዳችን አክስት እዚያ ስለሚኖሩ፣ የአዲስ አበባን ወከባ ለሁለት ቀን ጥለን ዶሮ ልንበላ ሄድን። ስለ ምንጃር ጤፍ ለአዲስ አበባ ሰው ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነውና እሱን እንለፈው። ጉዳያችን ሌላ ነው።

ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ አንድ ጎረቤት ከወንድ ልጃቸው ጋር ገቡ። እንኳን አደረሳችሁ ተባባልን። ልጁ 12ኛ ክፍልን ጨርሶ አንድ ዓመት ከኢንተርኔት ጋር ሲታገል የከረመ፣ አይኑ የእንቅልፍ እጦት የሚያሳብቅበት ጎበዝ ነው። ስልኩን አውጥቶ ሁለት ደብዳቤ አሳየን። ሁለቱም ከአሜሪካ የመጡ የቅበላ ደብዳቤዎች ናቸው። አንዱ ስሙ የገነነ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ነው። ልጁን ተቀብሎታል፤ ከወጪው ገሚሱንም እሸፍናለሁ ብሏል። የሚጎድለው በዓመት 20 ሺህ ዶላር ነው። ሌላው ስሙን ከዚያ በፊት ሰምተነው የማናውቅ ትንሽ ኮሌጅ ሲሆን ትምህርቱንም፣ ማደሪያውንም፣ ምግቡንም ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል። የመልሱ ቀን ደግሞ ደርሷል። አብዛኞቹ የአሜሪካ ኮሌጆች ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የሚሰጡት የመጨረሻ ቀን ሜይ 1 ነው፤ በእኛ ሚያዝያ 23።

የልጁ ልብ ከትልቁ ጋ እንደሆነ ፊቱ ይናገራል። አባትየው ዝም ብለው ሲሰሙን ቆዩና እንዲህ አሉን፦

«ልጆቼ፣ እኔ እንግሊዝኛውን አላውቀውም። በሬ ስገዛ ግን ከቀንዱ ማማር በፊት አፉን ከፍቼ ጥርሱን አያለሁ። የዚህ ነገር ጥርሱ የት ነው?»

እውነቱን ለመናገር መልስ አልነበረንም። አንዳችን «ስም ነው፣ ስም በር ይከፍታል» አለ። ሌላችን «ገንዘብ ነው» አለ። ተከራከርን፤ ቡናው በረካ ደረሰ፤ አልተስማማንም። «እስኪ አስበን እንደውላለን» ብለን ተሰነባበትን። ይህ ጽሑፍ ከአረርቲ ከተመለስን በኋላ ያንን ጥርስ ፍለጋ ወደ ኋላ የሄድንበት መንገድ ነው። ወደ ኋላ የሄድነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአገር ወጥቶ መማር በዚህች አገር ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ታሪክ ነው። ከዚህ ሁሉ ሰው ውስጥ አንዱ የባለ በሬውን ጥያቄ ሳይመልስልን አይቀርም ብለን ነው። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያላልንበት ዘመን ሁሉ የፈረንጅ ነው።)

መርከቡ የመረጠላቸው

የመጀመሪያው ያስገረመን ነገር የቀደሙት ሰዎች «የትኛውን ልምረጥ?» የሚል ጭንቀት ፈጽሞ ያልነበራቸው መሆኑ ነው። የሚመርጥላቸው ሌላ ነበር።

ሐኪም ወርቅነህን እንይ። በ1868 አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲወድቁ ሕፃን ነበሩ። አንድ የእንግሊዝ መኮንን አንስቶ ወደ ሕንድ ወሰዳቸው። ላሖር ላይ ሕክምና ተማሩ፤ ትምህርታቸውን ስኮትላንድ ሄደው አጠናከሩ። ስማቸው ሳይቀር ቻርልስ ማርቲን ሆኖ ነበር። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ጎልማሳ ሐኪም ነበሩ። እዚህ ውስጥ የሳቸው ምርጫ የቱ ላይ ነው? መመለሱ ላይ ብቻ።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም እንደዚያው ናቸው። የአድዋ አካባቢ ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው ምጽዋ ላይ ከጓደኞቻቸው ጋር መርከብ ሊጎበኙ ገብተው ተደብቀው ቀሩ። ካፒቴኑ ለአንድ ባለጸጋ የኦስትሪያ ቤተሰብ አስረከባቸው፤ በርሊን ላይ እስከ ሕክምና ትምህርት ደረሱ። በኋላ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለውን መጽሐፋቸውን የጻፉት፣ ዛሬ የኢኮኖሚክስ ምሁራን እየደጋገሙ የሚያነሷቸው እኚሁ ሰው ናቸው። ትምህርት ቤታቸውን የመረጠላቸው ግን ያ መርከብ ነው ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው የሰሜን ሸዋ ልጅ ናቸው፤ የሰያ ደብሩ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም። ከአድዋ ጦርነት በኋላ ገና ልጅ ሳሉ ሩሲያዊው ሌዎንቲየፍ ይዟቸው ሄደ። ፒተርስበርግ ላይ የመድፈኛ መኮንንነት ተማሩ። ሲመለሱ ፊታውራሪ፣ የገንዘብ ሚኒስትር፣ የ1931ዱ ሕገ መንግሥት አርቃቂ ሆኑ። ሰፊ የሕይወት ታሪክም ጽፈው ትተውልናል። ከሸዋ ደጋ የወጣ ልጅ ሩሲያ የደረሰው ሁለት ደብዳቤ አመዛዝኖ እንዳልነበር ግልጽ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ዘመን መራጩን ብቻ ነው የቀየረው። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1901 ዓ.ም. ተከፈተ። በ1920ዎቹ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ወጣቶችን በብዛት ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ግብፅ፣ ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ መላክ ጀመሩ። አሁን መራጩ መርከብ ወይም መኮንን ሳይሆን ቤተ መንግሥት ሆነ። «አንተ ወደዚህ፣ አንተ ወደዚያ» ይባላል፤ እጅ ተነስቶ ይኬዳል።

አልፎ አልፎ የሚመርጠው አባት ነበር። ከንቲባ ገብሩ ደስታ ራሳቸው በሚስዮናውያን እጅ ያደጉና ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዝል አጠገብ የተማሩ ሰው ናቸው። ልጃቸውን ስንዱ ገብሩን የላኩትም ወደ ስዊዘርላንድ ነው። ያኔ ሴት ልጅን ለትምህርት ባሕር ማሻገር ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ አስቡት። ከንቲባው ግን ልጃቸውን የሰደዱት ወደሚያውቁት አገር ነበር። እዚህ ላይ የአረርቲው አባት ትዝ አሉን። እሳቸው መንገዱን አያውቁትም፤ ስለማያውቁትም ነው እኛን የጠየቁት። እኛ ደግሞ «ስም ነው»፣ «ገንዘብ ነው» ተባብለን ተነሳን!

መላኩ በያን የመረጠው

ስንፈልገው የነበረውን ሰው ያገኘነው እዚህ ላይ ነው፤ መላኩ በያን። ያደገው ሐረር ነው፤ ከንጉሣዊው ቤተሰብም ይዛመዳል። በመጀመሪያ የተላከው ወደ ሕንድ ነበር። እዚያ ያየው የእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ አልተዋጠለትም፤ ወደ አሜሪካ መዛወር ፈለገ። በ1922 ከሌሎች ሁለት ኢትዮጵያውያን ጋር አሜሪካ ገባ።

ትምህርቱን የተከታተለው ኦሃዮ ውስጥ ሙስኪንጉም በተባለ ትንሽ የፕሬስቢቴሪያን ኮሌጅ ነው። ሰላማዊ ቦታ ነው፤ ተማሪው ግን ነጭ ነው። ያን ጊዜ አሜሪካ ጥቁርና ነጭ በአንድ የሆቴል በር የማይገቡባት አገር ነበረች። ኢትዮጵያዊ ግን «ልዩ እንግዳ» ተብሎ ሊታለፍ ይችል ነበር። ከንጉሥ ዘመድ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። መላኩ ከፈለገ በዚያ ልዩነት ተጠልሎ፣ ዲግሪውን ጭኖ፣ ምንም ሳይነካው አገሩ መግባት ይችል ነበር።

አልፈለገም። ሕክምና ለመማር ሲነሳ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን መረጠ። ሃዋርድ በ1867 ዋሽንግተን ላይ የተቋቋመ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ነው። መላኩ እዚያ በነበረባቸው ዓመታት አሌን ሎክና ራልፍ በንች ያስተምሩበት ነበር። በንች በኋላ የኖቤል የሰላም ሽልማትን ያገኘው ሰው ነው። ሃዋርድ በእነዚያ ዓመታት በነጮቹ የስም ዝርዝር ላይ አናት ላይ የሚጻፍ ተቋም አልነበረም። መላኩ ግን ጥያቄውን ለውጦት ነበር። ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር አብሮ መኖር፣ ኢትዮጵያን ከእነሱ ጋር ማስተዋወቅ ፈለገ። በእኛ ቋንቋ ብናስቀምጠው «የትኛው ትልቅ ነው?» የሚለውን ትቶ «ከእነማን ጋር ልማር?» ብሎ ጠየቀ።

የዚያ ምርጫ ፍሬ ከዲግሪው ወረቀት በላይ ነው። መላኩ ዶሮቲ ሃድሊ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት አገባ። በ1935 ሐኪም ሆኖ ሲመለስ የጣልያን ወረራ ደጃፍ ላይ ነበር። ከቺካጎ መጥቶ የኢትዮጵያን አየር ኃይል የመራውን ጥቁር አብራሪ ጆን ሮቢንሰንን በመጋበዝ ረገድ እጁ ነበረበት። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከተሰደዱ በኋላ ደግሞ በ1936 የንጉሠ ነገሥቱ ልዑክ ሆኖ ወደ አሜሪካ ተላከ። ኒውዮርክ ሲገባ እንደ ባዕድ ዲፕሎማት በር ማንኳኳት አላስፈለገውም፤ ሰዎቹን ያውቃቸዋል፣ ያውቁታል። በ1937 የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቋመ፤ «የኢትዮጵያ ድምፅ» የተባለ ጋዜጣም ታተመ። በኋላ ሻሸመኔ ላይ ለጥቁር ደጋፊዎች የተሰጠው መሬት ታሪክ ከዚህ ፌዴሬሽን ጋር የተያያዘ ነው። መላኩ ራሱ ነፃነትን ሳያይ በ1940 ኒውዮርክ ላይ አረፈ። አርባ ዓመቱ ነበር።

እስኪ ልብ እንበል። መላኩ ከሃዋርድ ይልቅ ስሙ የገነነ የነጭ ሕክምና ትምህርት ቤት መርጦ ቢሆን ኖሮ ሐኪም መሆኑ አይቀርም ነበር። ያ ሁሉ ሰው ግን በአጠገቡ አይኖርም ነበር። በዓመቱ መጨረሻ የሚሰጠው ወረቀት አንድ ነገር ነው፤ በአራትና በአምስት ዓመት ውስጥ አጠገባችሁ የሚቀመጠው ሰው ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያውን ጥርስ አገኘነው አልን።

መመለሻው

ነገር ግን ታሪክ የሚያምረውን ገጽ ብቻ አያሳይም። ተምሮ መመለስ ሁልጊዜ በተማሪው እጅ የሚወሰን ጉዳይ አልነበረም።

የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ቢኒያምና ዮሴፍ እንግሊዝ ተምረው መጡ። ወረራው ሲመጣ ጥቁር አንበሳ ከተባለው የአርበኞች ቡድን ጋር ዘመቱ። በ1937 ጣልያን ገደላቸው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ውጭ አገር የተማሩ ወጣቶች እየተለቀሙ አለቁ። ስንዱ ገብሩም በአርበኝነት ተይዛ ጣልያን አገር ታስራለች፤ ተርፋ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣ በ1957ም የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆነች። ብዙዎቹ ግን አልተረፉም። አገሪቱ በአንድ ትውልድ የላከችውን ዘር በአንድ ዓመት ውስጥ አጣችው።

ከነፃነት በኋላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ተከፈተ። እዚህ ላይ አንድ የሚረሳ ነገር አለ፤ ኢትዮጵያ ላኪ ብቻ ሳትሆን ተቀባይም ሆነች። በ1958 ንጉሠ ነገሥቱ ለአፍሪካውያን ተማሪዎች የነጻ ትምህርት ዕድል ሰጡ፤ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካና ከሌሎችም አገሮች ወጣቶች መጡ። እነዚህ ልጆች ከቤታቸው የቅኝ አገዛዝን ትግል ይዘው ነበር የመጡት። የእኛን ተማሪዎች «እናንተ ለምን ዝም ትላላችሁ?» እያሉ ይወተውቷቸው ነበር። የተማሪው እንቅስቃሴ ሲጻፍ የእነሱ ድርሻ ሳይነሳ አይታለፍም። ይኸውላችሁ፣ አሁንም ያው ነው፤ አጠገብህ የሚቀመጠው ሰው!

በዚያ ዘመን ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ውጭ የሄዱት አብዛኞቹ ይመለሱ ነበር፤ ሥራና ወንበር ይጠብቃቸዋል። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ መጣና መንገዱ ተሰበረ። ወደ ምዕራብ የሄደው ለመመለስ ፈራ፤ ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ ወደ ምሥራቅ ጀርመንና ወደ ኩባ የሚላከው ደግሞ በመንግሥት ኮታ ሆነ። በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ኩባ ውስጥ በወጣቶች ደሴት ተማሩ። እነሱም እንደ ገብረ ሕይወት መርጠው አልሄዱም። በ1991 ላኪው መንግሥትም ተቀባይዋ ሶቪየትም በአንድ ዓመት ሲፈርሱ ስንቱ ተማሪ መሀል ሜዳ ላይ ቀረ።

ስለዚህ ሁለተኛው ጥርስ ይህ ነው ብለን ጻፍን፦ ማን ይከፍላል? የሚከፍለው የሚያዝህ ነው፤ እሱ ሲወድቅ የምትወድቅበትን ቦታ አስቀድመህ እይ። ያኔ ከፋዩ መንግሥት ነበር። የአረርቲው ልጅ ትልቁን ዩኒቨርሲቲ ቢመርጥ ከፋዩ አባቱ ናቸው። በዓመት 20 ሺህ፣ በአራት ዓመት 80 ሺህ ዶላር። ኮሌጁ ለቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 የተባለ ወረቀት የሚሰጠው ቢያንስ የመጀመሪያው ዓመት ወጪ እንዳለ ሲረጋገጥለት ነው። «እየሠራሁ እከፍላለሁ» የሚለውም ቀላል አይደለም፤ የተማሪ ቪዛ የያዘ ሰው በትምህርት ወቅት መሥራት የሚፈቀድለት በግቢው ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ብቻ ነው። ያ ገንዘብ የኪስ እንጂ የ20 ሺህ ዶላር ጎደሎ መሙያ አይሆንም። መሬት አይሸጥም፤ ለዓመታት ማከራየት ግን ይቻላል። በሬዎቹም ይሸጣሉ። ከዚያ በኋላ ቤት የቀሩት ልጆችስ በምን ያርሳሉ?

አንድ መምህር

ሦስተኛውን ጥርስ ያገኘነው ከግብርና ነው፤ ለአረርቲ ሰው ደግሞ ይሄ ይቀርባል።

ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ በ1950 ወሎንኮሚ አካባቢ በጭቃ ቤት የተወለዱ ናቸው። ጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ አለማያ ኮሌጅ ተማሩ። ሁለቱም በአሜሪካው ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ የተተከሉ ናቸው። በ1973 ከአለማያ ሲመረቁ ጆን አክስቴል የተባለ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የማሽላ ተመራማሪ ኢትዮጵያ መጣ። ገቢሳ በየአገሩ እየዞሩ የማሽላ ዘር በመሰብሰብ አገዙት። አክስቴል ሥራቸውን አይቶ «ና ከኔ ጋር ተማር» አላቸው። ሄዱ፤ በ1978 ዶክተር ሆኑ። ሱዳን ሄደው ድርቅ የሚችል የማሽላ ድቅል አወጡ፤ በኋላ አቀንጭራን በሚቋቋሙ ዝርያዎች ሠሩ። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አሸነፉ።

ገቢሳ የሄዱት ወደ አንድ ሰው ነው። አክስቴል ከደብዳቤ ሳይሆን ከማሳ ላይ ነው ያወቃቸው። ሥራቸውም ከልጅነት እርሻቸው አልራቀም፤ ማሽላም አቀንጭራም የኢትዮጵያ ገበሬ የሚያውቃቸው ናቸው። ሦስተኛው ጥርስ፦ ማን ያስተምርሃል? ስምህን ያውቀዋል ወይስ ቁጥርህን?

ደወልን

ሚያዝያ 23 ሳይደርስ ደወልን። ስልኩን ልጁ አነሳ፤ አባትየውም አጠገቡ ነበሩ። «ይህን ምረጥ» አላልንም፤ ምርጫው የሱ ነው። ሦስቱን ጥያቄ ግን ሰጠነው። ማን ይከፍላል? ከእነማን ጋር ትማራለህ? ማን ያስተምርሃል? ለሁለቱም ኮሌጆች ጻፍ አልነው። ትልቁን «የሚጎድለኝን ልትጨምሩልኝ ትችላላችሁ?» ብለህ ጠይቅ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ትንሹን ደግሞ «ገንዘቡ ለአራቱም ዓመት ነው? ነጥቤ ቢወርድስ?» በል። እዚያ የሚማሩ ኢትዮጵያውያንን ፈልገህ አነጋግር። በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ እንደሚቀመጥ እወቅ። ሲጨርሱ የት እንደሚደርሱ አጣራ። ቪዛው ደግሞ ገና ሌላ ደጅ እንደሆነ አትርሳ።

ልጁ ትንሽ ዝም አለና «ስሙ ግን…» አለ። ገባን። ስም እኛንም ያማልለናል። አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ስንፈልግ የምንጠየቀው መጀመሪያ «የት ተማርክ?» የሚለውን ነው፤ ይህን መካድ ውሸት ነው። ስሙ ሙሉ ወጪ ይዞ ከመጣ ደግሞ ማን ይጠላዋል? እኛ ያልነው ስም ቀንድ ነው፤ ቀንድ ያምራል፣ ገበያ ላይም ዋጋ ያስጨምራል፤ የሚያርሰው ግን ቀንዱ አይደለም ነው።

አባትየው ስልኩን ተቀብለው «ይሄ የገባኝ ነገር ነው» አሉ።

አንድ ነገር ጨምረን እንሰናበት። ደብረ ዘይት የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል በ1999 አንድ ነጭ የሽምብራ ዝርያ ለገበሬው ለቀቀ። የመነሻ ዘሩ የመጣው ከውጭ ነው፤ ሶሪያ ውስጥ ሐለብ ላይ ከነበረው ዓለም አቀፍ የደረቅ አካባቢዎች ምርምር ማዕከል። እዚህ ተዘርቶ፣ በእኛ ጥቁር አፈር ተፈትኖ፣ ለገበሬው ከተስማማ በኋላ የራሱ ስም ወጣለት። ስሙ «አረርቲ» ይባላል። በየገበሬው ማሳ የሚዘራው ሐለብ በሰጠችው የመዝገብ ቁጥር ሳይሆን በዚህ ስም ነው።

ልጁ የትኛውን እንደመረጠ እዚህ አንጽፍም፤ የቤታቸው ጉዳይ ነው። ከየትኛውም ይመረቅ፣ አንድ ቀን የሱን ወረቀት ስናይ የምንጠይቀው የማን ማኅተም እንዳለበት ሳይሆን ምን እንዳበቀለበት ቢሆን ደስ ይለናል። እናንተስ፣ ደብዳቤ የያዛችሁ፣ ጥርሱን አይታችኋል?